ያልደነገጠችባቸው ገጾች

ግንቦት 11 ቀን 2069 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ ኑርዬ መጽሐፍ እያነበበ ሞተ። ሰዓቱ በትክክል የታወቀው እጁ ላይ ያለው አምባር ስለመዘገበው ነው። ሚስቱ ጦይባ ወጥ ቤት ውስጥ ድንች ትልጥ ነበር። «ያ አላህ!» ሲል ሰምታዋለች። ግን ኑርዬ ሲያነብ በየገጹ «ያ አላህ» የሚል ሰው ስለነበር ድንቹን ልጣ ጨረሰች፤ አጠበች፤ ከተፈች፤ ድስቱን ጣደች። ከዚያ በኋላ ነው «ሻይ ላፍላልህ?» ልትለው ወደ ሳሎን ብቅ ያለችው።

መጽሐፉ ጭኑ ላይ እንደተከፈተ ነበር። ሌባ ጣቱ አንድ መስመር ላይ ቀርታለች።

ያነበው የነበረው ምዕራፍ ሰዎች በተኙበት እጅ እግራቸው ተነስቶ ሥራ ስለሚወጣባት ከተማ የሚተርክ ነው። በዚያች ከተማ ሰው ጠዋት ሲነቃ ጫማው ጭቃ ነው፤ መዳፉ ቆስሏል። የት እንዳደረ አያውቅም፤ መጠየቅም ትቷል። ምዕራፉ በዚያው ሰዓት ወደቀ። አምባሩ እንዲህ ያለ ድንጋጤ መዝግቦ አያውቅም ነበር። ስለዚህ ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከቦርከና ወንዝ ማዶ ባለው የእነ ጦይባ ሰፈር፣ እስከ ዛሬ ድረስ ሰው ማታ የተኛበት አልጋ ላይ ነው የሚያድረው። ለቀብር የወጣው ሕዝብ እርስ በርሱ በሹክሹክታ ይባባል የነበረውም ይህንኑ ነው፤ «እንቅልፋችንን አተረፈልን»።

የአንባቢ ወር ከመጣ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። አዲስ ደንብ ሊወጣ ሲል እንደ ድሮው ስብሰባ መጥራት ቀርቷል። ስብሰባ ላይ ሰው ያጨበጭባል፤ ቤቱ ሲገባ ያማል። ልብ ግን አያጨበጭብም ተባለ። ከዚያ ወዲህ ሊመጣ የታሰበው ነገር ሁሉ አስቀድሞ በልቦለድ ተጽፎ ይመጣል። ስለ ሩቅ ዘመን፣ ስለ ሌላ ዓለም፣ ስለ ክንፋም ሕዝቦችና ስለማይታዩ ነገሥታት የሚተርኩ መጻሕፍት በካርቶን ታሽገው ይላካሉ። እያንዳንዱ ሰፈር አንድ አንባቢ ይሰጣል። አንባቢው አምባሩን አጥልቆ አንድ ወር ሙሉ ያነባል። የደነገጠበት ምዕራፍ ይወድቃል፤ ለዚያ ሰፈር አይመጣም። ልቡ ሳይነቃነቅ ያለፈው ምዕራፍ በሳምንቱ ደንብ ይሆናል።

የመጀመሪያው ዓመት አንባቢ ወንድይፍራው የሚባል ጎረምሳ ነበር። ይሄ ልጅ ጀግና ልባል አለና መጻሕፍቱን ሁሉ ማስቲካ እያኘከ ጨረሳቸው። የሰፈሩ ቧንቧ የሰው ፊት ሳያይ ውኃ አልሰጥም ያለው ከዚያ በኋላ ነው። መንገድ ላይ ሦስት ሆኖ ቆሞ መጫወትም የቀረው ከዚያ በኋላ ነው። አሁን ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው ይቆማሉ፤ ሦስተኛው ራቅ ብሎ ግድግዳ እያየ ተራውን ይጠብቃል። መጀመሪያ ያስቅ ነበር። አሁን ማንም አይስቅም፤ ልጆችም ሲጫወቱ ሁለት ሁለት ሆነው ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ቅሬው ተሰበሰበ። ቅሬ ማለት በወሎ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው፣ መቃብር የሚቆፍረው፣ ሐዘንተኛውን የሚያበላው ማኅበር ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው ያለበት። የቅሬው ዳኛ ጋሼ አምባዬ ብድግ ብለው፣

«ጀግና መርጠን አየነው» አሉ። «አሁን ደግሞ ፈሪ እንምረጥ።»

የሁሉም ዓይን ኑርዬ ላይ አረፈ። በሰፈሩ ከእሱ የባሰ ድንጉጥ ሰው አልነበረም። የድስት ክዳን ሲወድቅ ከወንበሩ ይነሳል። በሠርጉ ቀን ርችት ሲተኮስ ሚዜው ካባ ሥር መግባቱ እስከ ዛሬ ይወራል። ኑርዬ አፈረና፣

«እኔ እኮ መጽሐፍ ማንበብ እወዳለሁ እንጂ...» አለ።

«ፍራ እንጂ ውደድ አላልንህም» አሉት ጋሼ አምባዬ፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ሦስት ዓመት ተራውን አልለቀቀም። ሦስት ዓመት አንድም ምዕራፍ አላለፈም። የአንባቢ ወር በመጣ ቁጥር አምባሩ ስለሚግልበት አንጓው ላይ ቀይ ቀለበት ይወጣበት ነበር። ጦይባ ቅባት ትቀባዋለች። ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘው «እንዴት ነው ፍርሃት?» ይለዋል፤ እሱም «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው» ይላል።

ጦይባ ደግሞ ሌላ ሰው ናት። ደረቅ ወደቡ ላይ ትልቁን ክሬን የምታንቀሳቅስ እሷ ናት። ቤት ውስጥ ጊንጥ ቢገኝ የምትገድለው እሷ፣ መብራት ሲቃጠል መሰላል ላይ የምትወጣው እሷ። ኑርዬ ታዲያ፣ «አንቺ ባትኖሪ ይሄ ቤት በበረሮ እጅ ይወድቅ ነበር» ይላት ነበር። እሷም የእሱን ፍርሃት እንደ ልብስ ጉድፍ እያራገፈችለት ዘጠኝ ዓመት ኖረች። ረውዳ የምትባል አንዲት ልጅ ወለዱ።

በቀብሩ በሦስተኛው ቀን ሜላት መጣች። ሜላት መጻሕፍቱን ከሚልከው ከመመዘኛ ጽሕፈት ቤት የምትመጣ ቀጠን ያለች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። ጫማዋን አውልቃ ገባች፤ ከሐዘንተኞቹ ጋር ምንጣፉ ላይ ተቀመጠችና ለጋሼ አምባዬ፣

«የጋሽ ኑርዬ ወር አላለቀም» አለቻቸው። «እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ድረስ ሌላ አንባቢ መስጠት ትችላላችሁ። ከዚያ ወዲያ መቀየር አይቻልም።»

ጋሼ አምባዬ ፊታቸው ተለወጠ።

«ልጄ፣ ከሟች ቤት ተራ አይነሳም።»

የቅሬው ደንብ ነው። ተረኛ ከሞተ ተራውን ቤቱ ይጨርሳል። ተራውን አንስቶ ለሌላ መስጠት «ይሄ ቤት ጠፍቷል፤ ዝጉት» እንደ ማለት ነው። ሚስት እያለች፣ ልጅ እያለች፣ እንዲህ ያለ ነውር ኮምቦልቻ ውስጥ ተሰምቶ አይታወቅም። ደንቡ የወጣው ለመቃብር ቁፋሮና ለድንኳን ተከላ ነበር። ለመጽሐፍ አልነበረም። ያን ቀን ግን ይህን ያሰበ ሰው የለም። አንዲት ብቻ፣ ከታች ፎቅ የሚኖሩት እትዬ አልጋነሽ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣

«ይቺ እኮ ክሬን ላይ ቁጭ ብላ ቁርስ የምትበላ ሴት ናት» አሉ።

«ተይ አንቺ ሴትዮ! በሐዘን ቤት!» አሏቸው ጋሼ አምባዬ።

«ዝም አልኩ። ዝም ብያለሁ።»

ጦይባ ቀና ብላ አላየችም። እጇን ዘረጋች። ሜላት አምባሩን ከለካች በኋላ አጠለቀችላት። ዒዳ ላይ፣ ባል የሞተባት ሴት በምትጠብቀው የሐዘን ጊዜ ላይ፣ ስለሆነች አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤት አትወጣም፤ ለማንበብም ይመቻታል ተባለ። ወሩም ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ አዲስ ተቆጠረላት። ኑርዬ ከጀመረው ከሁለተኛው ካርቶን ቀጠለች።

መጻሕፍቱ ጥሩ መጻሕፍት ነበሩ። ይህንን ማንም ሊክድ አይችልም። ደራሲያቸው አይጻፍባቸውም፤ ግን ቋንቋቸው ያማረ ነው፤ ሰዉ፣ ከተማው፣ ዝናቡ ሁሉ ፊት ለፊት ይታያል። ጦይባ ረውዳን ትምህርት ቤት ሸኝታ ኑርዬ በሞተበት ወንበር ላይ ትቀመጥና ታነባለች። ቀይ አቧራ የሸፈነው ምድር ላይ ስለሚኖሩ፣ የሚሄዱበትን ካልተናገሩ በራቸው ስለማይከፈትላቸው ሰዎች አነበበች። መስኮት ሁሉ ወደ ውስጥ ስለሚያይበት መንግሥት አነበበች። የሟቾችን ልብስ በሦስተኛው ቀን እየለቀመ ስለሚወስድ ትልቅ ወፍ፣ ከደመና በላይ ስለተሠራችና የሞተ ሰው አንድ ሰዓት እንኳ ስለማይውልባት ከተማ አነበበች። በዚያች ከተማ አንድ ነጭ ተሽከርካሪ ድምፅ ሳያሰማ ይመጣል፤ አስከሬኑን ያነሳል፤ የማንም ትከሻ አይነካውም። ደራሲው ይህን ሲተርክ አልጋው ላይ የቀረውን የሰው ቅርፅ ጉድጓድ ሳይቀር ገልጾታል። ኑርዬ ቢሆን ያን ገጽ ሲደርስ መጽሐፉን ጥሎ በረንዳ ላይ ይወጣ ነበር።

ጦይባ ገለጠችው። ቀጥሎ ያለውንም ገለጠችው። ዓይኗ ቃላቱን አንድ በአንድ እየረገጠ ያልፋል፤ ልቧ ግን እዚያ አልነበረም። አምባሩ አንጓዋ ላይ እንደ ታጠበ ማንኪያ ቀዝቅዞ ዋለ።

በሳምንቱ በሮቹ መጡ። ማለት በሮቹ እዚያው ነበሩ፤ ጠዋት ረውዳ ቦርሳዋን አንግታ እጀታውን ስትይዝ አልከፈት አለ።

«ወዴት?» አለ በሩ።

ረውዳ እናቷን አየቻት፤ ከዚያ ሳቀች። «ወደ ጨረቃ!»

በሩ አልተከፈተም። «ደግመሽ ተናገሪ።»

«እማ፣ በሩ ቀልድ አያውቅም።»

«ትምህርት ቤት በይው የኔ ልጅ።»

«ትምህርት ቤት» አለች ረውዳ፤ ድምፅዋ አንሶ ነበር። በሩ ተከፈተ። በሁለተኛው ቀን ሳትጠየቅ ተናገረች። በአራተኛው ቀን ከክፍሏ ወደ መጸዳጃ ቤት ስትሄድ ለዚያ በር ጭምር፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ የምትሄድበትን ስትነግረው ጦይባ ሰማቻት።

ከዚያ ወደ ቦርከና የሚያዩት መስኮቶች ደፈረሱ፤ ብርሃን ያስገባሉ፣ አያሳዩም። ሰፈሩ አጉረመረመ። ግን ሐዘንተኛን ምን ይሉታል? ጎረቤት ጾም የዋለ ፊቷን አይቶ፣ ሶብሩን፣ ትዕግሥቱን ይስጥሽ ብሎ፣ ሳህኑን አስቀምጦ ይወጣል።

ከዚያ በስድስተኛው ብሎክ የሚኖሩት አቶ እንግዳው ሞቱ። ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ጡሩምባው ተነፋ፤ የቅሬው ወንዶች ቃሬዛውን ተሸክመው ደረጃውን ወጡ። በሩ ገርበብ ብሎ ጠበቃቸው። አልጋው ላይ ማንም አልነበረም። አንሶላው ተነጥፏል፤ እጃቸውን ሲያሳርፉበት ገና አልቀዘቀዘም። ሚስትየው ወንበር ላይ ተቀምጠው ግድግዳውን ያያሉ።

«መጥተው ወሰዱት» አሉ። «ስሙን እንኳ አልጠየቁኝም። ያውቁታል።»

ወንዶቹ ባዶ ቃሬዛ ተሸክመው ደረጃውን ወረዱ። አስከሬን ለመያዝ የለመደ እጅ ባዶውን ቃሬዛ እንዴት እንደሚይዝ አያውቅም፤ ግድግዳ እየመታባቸው፣ እርስ በርስ እየተጋጩ ወረዱ። ከዚያ ማንም ሳይነግራቸው ወደ ጦይባ ቤት ሄዱ።

ጋሼ አምባዬ ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡ።

«ጦይባ፣ ልጄ፣ ስለ ነጭ መኪና የሚያወራ ነገር አንብበሻል?»

«አንብቤያለሁ ጋሼ።»

«አልደነገጥሽም?»

ጦይባ ሐሰት መናገር አልፈለገችም።

«ምኑ ያስደነግጣል ጋሼ? ኑርዬን እናንተ በትከሻችሁ ተሸክማችሁ ቀበራችሁት። ያው አፈር ነው የገባው።»

ከመካከላቸው አንዱ ወጣት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ያኔ ነው ምን እንዳደረጉ የገባቸው። የሚፈራውን ነገር ሁሉ አስቀድሞ ያገኘው ሰው እጅ ላይ አምባሩን አጥልቀዋል፤ ያጠለቁትም አክብረው ነው።

እትዬ አልጋነሽ ከበሩ አጠገብ፣ «ነግሬያችሁ ነበር ልበል ወይስ ልተወው?» አሉ።

«ተይው» አሉ ጋሼ አምባዬ።

«እሺ፣ ትቼዋለሁ። ግን ነግሬያችሁ ነበር።»

ሜላትን አስጠሩ። ለመኗት። አንባቢ መቀየር አይቻልም፤ ጊዜው አልፏል አለች። ማቆምስ? ያልተነበበ ገጽ እንደ ተስማሙበት ይቆጠራል። ስንት መጽሐፍ ቀረ? አንድ። የመጨረሻው ካርቶን ተከፍቷል።

ሰፈሩ የመጨረሻውን መጽሐፍ ጭማቂ፣ ማለት ማጠቃለያውን፣ ዕለቱኑ አገኘው። በዚያ ዘመን ከአንባቢው በቀር መጽሐፍ ሙሉውን የሚያነብ ሰው የለም፤ ሌላው ሕዝብ ጭማቂውን በጆሮው ይሰማል። ጭማቂው አጭር ነበር። ልጅ ሁሉ ሰባት ዓመት ሲሞላው ወደ ሩቅ ከተማ፣ ወደ ማያውቀው ቤት ይሄዳል። በእሱ ምትክ ከሌላ ቦታ ሌላ ልጅ ይመጣል። በዓመቱ እንደገና ይዘዋወራሉ። በታሪኩ መጨረሻ በዚያች ምድር ጦርነት የለም፤ ማንም የማንንም ከተማ አያቃጥልም፤ ልጁ የት እንዳለ አያውቅምና።

ረውዳ ነሐሴ ላይ ሰባት ይሞላታል።

ያን ጊዜ ነው ሰፈሩ ጦይባን ማስደንገጥ የጀመረው። አሁን ሲወራ ያስቃል፤ ያኔም ያስቅ ነበር። አንዷ ጎረቤት በመጋረጃ ኋላ ተደብቃ ካኪ ፖስታ ነፍታ አፈነዳች። ወንድይፍራው፣ ያ የመጀመሪያው ጀግና፣ ፊቱን በዱቄት አልብሶ መጥቶ በበሩ ስለተጠየቀ «ወደ እትዬ ጦይባ ቤት፣ ለማስፈራራት» ብሎ ተናዞ ነው የገባው። እትዬ አልጋነሽ ጠረጴዛ ሥር ገብተው የጅብ ድምፅ አሰሙ፤ ጅቡ ሲያበቃ ጉልበታቸው አልታዘዝ አላቸውና እንደ ሻንጣ ሁለት ሰው ጎትቶ አወጣቸው።

«ፈራሽ እታለም?» አሉ እያለከለኩ።

«ለእርስዎ ፈራሁ እትዬ።»

ጦይባ ሳቀች። ከኑርዬ ሞት በኋላ የሳቀችው ያን ቀን ብቻ ነው። ሜላት ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ እሷም ሳቀች፤ ከዚያ መሳቋን አቆመች።

«ይህ ሁሉ አይቆጠርም» አለች። «ድንጋጤው ከገጹ መምጣት አለበት። ዓይን ቃሉ ላይ መሆኑን ገጹ ያውቃል፤ ያኔ ልብ ሲመታ ብቻ ነው አምባሩ የሚይዘው። ዓይን ከገጹ ከተነሳ ልብ ቢፈነዳም አይዝም።»

ሰዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። ሜላት ጫማዋን እያሰረች በር ላይ ቆየች። ጦይባ ልትሸኛት እስከ ደፉ ድረስ መጥታለች፤ ከዚያ አታልፍም።

«አንቺ አንብበሽዋል?» አለቻት።

«መጽሐፉን? እኛ ማንበብ አይፈቀድልንም።»

«ልጅ አለሽ?»

ሜላት የጫማዋን ክር ፈትታ እንደገና አሰረችው።

«አንዲት። ስድስት ዓመቷ ነው። በእኛ ሰፈር ምዕራፉ ትናንት አለፈ።» ቀና ብላ አላየችም። «አንባቢያችን ጎበዝ ሰው ነው ይባላል። ዩኒቨርሲቲ ነው የሚያስተምረው። መጽሐፉ ቆንጆ ነው አለን።»

ለበሩ «ወደ ቤቴ» አለችው፤ ወጣች።

ጦይባ ለመፍራት ሞከረች። እንደ ሥራ ያዘችው። የረውዳን ፀጉር ስትሠራላት፣ ይህ ጭንቅላት በሌላ ሴት ጉልበት መካከል ሲያርፍ ለማየት ሞከረች። አየችውም፤ ሴትዮዋን ጭምር አየቻት፤ ልቧ ግን አልተነሳም። ልጇን ስለማትወድ አልነበረም። ከዚያ ወንበር አጠገብ፣ ከዚያ ከድንቹ ቀን ወዲህ፣ ውስጧ አንድ ነገር ቆሟል። ኑርዬ በሕይወት ሳለ ለሁለቱም የሚፈራው እሱ ነበር። ረውዳ ስታስነጥስ የሚነሳ እሱ፣ ትምህርት ቤት አሥር ደቂቃ ስትዘገይ በረንዳ ላይ የሚቆም እሱ። የቤቱ ፍርሃት በሙሉ በእሱ በኩል ነበረ። እሷ ተምራው አታውቅም።

በወሩ የመጨረሻ ቀን ዝናብ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው። ሜላት ከፊት ለፊቷ ተቀመጠች፤ ጋሼ አምባዬና እትዬ አልጋነሽ ከኋላ ሶፋው ላይ። ኮሪደሩ ላይ ሴቶች ሁለት ሁለት ሆነው ቆመዋል። ረውዳ ምንጣፉ ላይ በሆዷ ተኝታ ሥዕል ትቀባለች፤ ወዴትም እንድትወጣ ጦይባ አልፈቀደችም።

ማንበብ ጀመረች። መጽሐፉ ስለ አንዲት ልጅ ነው። ልጅቷ ጠዋት ተነስታ ፊቷን ታጥባ ቁርሷን ትበላለች። እናትየው አዲስ ካልሲ ታለብሳታለች፤ አንደኛው ካልሲ ተገልብጦ ነበርና አውልቃ ታስተካክልላታለች። ከዚያ ወደ አውቶቡሱ ይሄዳሉ። ደራሲው ችኮላ የለውም። አምባሩ ቀዝቃዛ ነው። ጦይባ እያንዳንዱን ቃል እንደ ኑርዬ በጣቷ እየነካች ሄደች፤ አንዳንዱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። እትዬ አልጋነሽ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልያሉ።

አውቶቡሱ ውስጥ ልጅቷ መስኮት አጠገብ ትቀመጣለች። እናትየው ከውጭ ትቆማለች። ልጅቷ በመስታወቱ በኩል አንድ ነገር ትላለች፤ አይሰማም። እናትየው «ምን አልሽ?» ትላለች፤ አይሰማም። አውቶቡሱ ይንቀሳቀሳል። ልጅቷ ምን እንዳለች እናትየው በሕይወቷ ሙሉ አታውቅም፤ ደራሲው ለአንባቢም አይነግርም። ገጹ እዚያ ላይ ያልቃል፤ ከሥር አንድ መስመር ብቻ ይቀራል።

«እማ» አለች ረውዳ ከምንጣፉ።

ጦይባ ዓይኗን አነሳች። ልጅቷ ቀለም የነካ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ታያታለች፤ አፏ ተከፍቷል፤ ልትለው ያለችውን ግን ረስታዋለች፤ «እ... እ...» ትላለች። ያኔ መጣ። ከሆዷ ሥር ተነስቶ ደረቷን መታት፤ ጆሮዋ ጮኸ፤ እጇ፣ ያ የማይንቀጠቀጥ እጅ፣ መጽሐፉን እስኪያርገበግበው ድረስ ተንቀጠቀጠ። አምባሩ ጋለ። ሶፋው ላይ ያሉት ጢስ ያዩ ይመስል ብድግ አሉ።

«መጣ!» አሉ እትዬ አልጋነሽ። «ወደ ገጹ! ጦይባ! ወደ ገጹ!»

ሜላት አንድም ቃል መናገር አይፈቀድላትም። ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና በዓይኗ ብቻ ወደ መጽሐፉ ታመለክታለች።

ጦይባ ወደ ገጹ ተመለሰች። መስመሩ እዚያ አለ። አምባሩ እንደጋለ ነው፤ ልቧ እንደሚመታ ነው። ግን ፊደሎቹ ዋኙ። ኑርዬ ሲሞት ያልወረደው፣ ሲገነዝ ያልወረደው፣ አፈር ሲመለስበት ያልወረደው እንባ ያን ሰዓት ወረደ፤ ወረደ ብቻ ሳይሆን አልቆም አለ። በሻሿ ጠረገችው፤ ሞላ። በመዳፏ ጠረገችው፤ ሞላ። እንባ የሞላው ዓይን የት እንደሚያይ ገጹ ማወቅ አይችልም። ጋሼ አምባዬ ከኋላ በእጃቸው ጭንቅላቷን ደግፈው፣ «አይዞሽ፣ አይዞሽ ልጄ፣ አንብቢው» ይሏታል። ረውዳ ደንግጣ እናቷ ጉልበት ላይ ተጠምጥማ ታለቅሳለች። ጦይባ ዓይኗን በሁለት ጣት ከፍታ ይዛ ያንን አንድ መስመር ፈለገች።

እንባው ሲቆም ልቧም ቆሞ ነበር። ደክማለች። መስመሩን ጥርት አድርጋ አነበበችው። አምባሩ ቀዝቅዟል።

ሜላት ዓይኗን ጠርጋ ውጤቱን አየች። አምባሩን ከጦይባ እጅ ስታወልቅ ሁለቱ ሴቶች ጣቶቻቸው ተያይዘው ለጥቂት ጊዜ ቆዩ። ከዚያ ሜላት መጽሐፉን ዘግታ ካርቶኑ ውስጥ ከተተችው።

ምዕራፉ አለፈ።

ረውዳ መስከረም 6 ቀን 2070 ዓ.ም. ወደ ወልቂጤ ሄደች። ጦይባ ዒዳዋን ገና አልፈጸመችም ነበርና አውቶቡሱ ድረስ አልሸኘቻትም፤ ይዘዋት የሄዱት እትዬ አልጋነሽ ናቸው። በሚቀጥለው ሐሙስ ለጦይባ አንዲት ልጅ ተሰጠቻት። ትርሲት ትባላለች፤ ከሰቆጣ ነው የመጣችው። የመጀመሪያውን ሳምንት ጫማዋን ሳታወልቅ ተኛች።